ሙሽሮችን ጣና ዳር የት እናቁማቸው?

(ከጥር ሠርግ አስቀድሞ በታኅሣሥ 2018 ባሕር ዳር ላይ ለተሰበሰቡ የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ።)

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ታላላቆቼና ታናናሾቼ፤

እንድናገር ስጠየቅ የተሰጠኝ ርእስ «በባሕር ዳር ለጥንዶች ፎቶ የሚሆኑ ውብ ቦታዎች» የሚል ነበር። እሺ ብዬ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ወረቀት አውጥቼ ስሞቹን መደርደር ጀመርሁ፤ ጣና ዳር፣ አባይ ድልድይ፣ ቤዛዊት፣ ዘጌ፣ ጢስ አባይ። አምስተኛው ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጥሁ። እነዚህን ስሞች የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። የከተማችን ባለ ባጃጅ እንኳ አበባ የታሰረለት መኪና ሲያልፍ ካየ ቀጥሎ የት እንደሚቆም ሳይሳሳት ይናገራል። የቦታ ስም አላጣንም። የጎደለን ነገር ቢኖር ቦታውን ስንመርጥ ሰዓቱንና ወሩን አብረን አለመምረጣችን ነው፤ ዛሬ ልናገር የመጣሁትም ስለዚሁ ነው።

የሠርግ ቀናችን ውሎ እንዴት እንደሆነ እናስታውስ። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ከሙሽሪት ቤት የሚደርሰው ረፋዱ ላይ ነው። በር ላይ ይዘፈናል፣ ይለመናል፣ ይገባል፣ ጉልበት ተስሞ ይመረቃል፤ ይህ ሁሉ አልቆ መኪናዎቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሲወጡ ሰዓቱ ወደ 5 ይጠጋል። አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ዘመድ አዝማድ ተቀምጦ ምሳ ይጠብቃል። ስለዚህ ለፎቶ የሚተርፈን ከ5 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ያለው ጊዜ ብቻ ይሆናል፤ በዚያች ጊዜ ውስጥም ሦስትና አራት ቦታ ለማዳረስ እንሯሯጣለን። ሙሽሪት ከመኪና በወረደች ቁጥር ቬሎዋ ይጎተታል፣ ሚዜዎች ያነሡላታል፣ ላቧ ይጠረጋል፣ ኩሏ ይታደሳል፤ ሁለት ሰዓት ካለቀ በኋላ ቁጭ ብለን ብንቆጥረው ካሜራው በእርግጥ የሠራበት ጊዜ ከግማሹ አይበልጥም። ይህን የምናገረው ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ለብዙ ዓመታት የሠራሁት እንዲሁ ነው።

ከ5 እስከ 7 ሰዓት ያለው ጊዜ በባሕር ዳር ምን ማለት እንደሆነ ግን ልብ ብለን ማወቅ ይገባናል። አገራችን የምትጠቀምበት ሰዓት የተሰፈረው በ45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን እኛ ያለነው 37ኛው ዲግሪ ላይ ነው፤ ከዚህ የተነሣ በባሕር ዳር ፀሐይ እኩለ ቀኗ ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የፎቶ ጊዜያችን ልክ በዚህ ቀትር ግራና ቀኝ የተዘረጋ ነው ማለት ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ያህል ርቃ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በሚያዝያ 12 ገደማ፣ ሌላ ጊዜ በነሐሴ 16 ገደማ፣ ቀትር ላይ ልክ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። በነዚያ ቀናት የቆመ ሰው ጥላ እግሩ ሥር ይጠፋል። ዐይን ጥላ ውስጥ ይገባል፣ የአፍንጫ ጥላ ከንፈር ላይ ይወድቃል፣ ቬሎው ግን እንደ መብራት ያበራል። ያለፈው ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 12 ቀን ነበር፤ ዘንድሮ ዳግም ትንሣኤ የሚውለው ሚያዝያ 11 ቀን ነው። ጾም ተፈትቶ ሠርግ የሚበዛበት እሑድና ለፊት ፎቶ ከሁሉ የከፋው ቀትር አንድ ላይ ይገጥማሉ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ክፍት ሜዳ ላይ ያቆምናት ሙሽራ የማታምር ከሆነች ጥፋቱ የእርሷም የቦታውም አይደለም።

ጥር ይሻላል። በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል ቀትር ላይ እንኳ አናት ላይ አትወጣም፤ ከአድማስ ከፍታዋ 60 ዲግሪ ያህል ነው። ይሁን እንጂ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱን ለመረዳት የዳርቻችንን አቅጣጫ ማስተዋል ያስፈልጋል።

ባሕር ዳር የምትገኘው በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ነው። ስለዚህ በከተማው ዳርቻ ቆሞ ጣናን ከሙሽሮቹ ጀርባ አድርጎ የሚያነሣ ሰው ካሜራው ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። ይህችን አንዲት ነገር የያዘ ሰው ብዙ ነገር ያገኛል። በጥር ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ትሆናለች፤ ውሃው ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፣ ፎቶው በስልክ እንኳ ቢነሣ ያምራል፤ ሙሽሮቹ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታቸው ዐይናቸውን ያጨፈግጋሉ። የጥር አልበሞቻችንን ገልጣችሁ ብታዩ ውሃው ሲስቅ ሙሽራው ይኮሳተራል። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን ብርሃኑ ከግራ በኩል፣ ዝቅ ብሎ፣ ለስልሶ ይመጣል፤ ፊትን ይቀርጻል፣ የጥልፉን ክር ከክሩ ይለያል። ፀሐይ በጥር የምትጠልቀው ከማታው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ የምትጠልቅበትም ከትክክለኛው ምዕራብ 20 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ገባ ብሎ፣ ማለትም ወደ ከተማው ወገን ነው። በሚያዝያ ደግሞ ከምዕራብ 12 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐይቁ ትጠጋለች። በሁለቱ መካከል 30 ዲግሪ የሚያህል ልዩነት አለ። በሚያዝያ ሙሽሮችን አቁማችሁ የፀሐይ መጥለቂያን ከኋላቸው ያገኛችሁበት ድንጋይ በጥር ቢሄዱ ከኋላ የሚያሳያችሁ የሆቴል ግንብ ሊሆን ይችላል። «ቦታውን አውቀዋለሁ» የሚል ባለሙያ በየትኛው ወር እንደሚያውቀው መጠየቅ አለበት።

አሁን ስለ ነፋሱ ልናገር፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ ከማንም የሰማሁት ምክር የለም፣ ሁሉንም በሙሽሮች ቬል፣ ማለትም ከራሳቸው በሚወርደው ስስ መሸፈኛ የተማርሁት ነው። ቀን ቀን የብስ ከውሃ ፈጥኖ ይሞቃል፤ በየብሱ ላይ ያለው አየር ሞቆ ሲነሣ ከሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ይተካዋል። ስለዚህ ከቀትር በኋላ ነፋሱ የሚነፍሰው ከጣና ወደ ከተማው ነው፤ ባለ ጀልባዎቹም ከሰዓት በኋላ ማዕበል ይነሣል ብለው ሩቅ መንገድ ጠዋት መጓዝን የሚመርጡት ለዚሁ ነው። ሙሽሪትን ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጥታ ባቆምናት ጊዜ ነፋሱ ከኋላዋ መጥቶ ቬሉን ወደ ፊቷ ይገለብጠዋል። ሚዜዋ ታስተካክላለች፣ ይገለበጣል፣ ታስተካክላለች፣ ይገለበጣል፤ እኛም «ነፋሱ አስቸገረን» እንላለን። ነፋሱ ሥራውን ነው የሠራው። ጠዋት ማለዳ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሌሊት የብሱ ከውሃው ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ቀላል ነፋስ ከየብስ ወደ ሐይቅ ይነፍሳል፣ ቬሉም ወደ ኋላ፣ ወደ ውሃው ይንሳፈፋል። ውሃውም ገና አልተነቃነቀም፤ መስታወት ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ማንሣት ግድ ከሆነ ደግሞ ሙሽሮቹን ወደ ሐይቁ አዙሮ በጎን በኩል ማንሣት ነው። ያን ጊዜ ነፋሱ ለእኛ ይሠራል፤ ጸጉሩን ከፊቷ ያነሣላታል፣ ነጠላውንም ወደ ኋላ ይዘረጋዋል።

ውሃውም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት ከየተራራው አፈር ጠርገው ወደ ጣና ስለሚያስገቡ በሐምሌና በነሐሴ ሐይቁ ቡናማ ነው፤ ምንም ያህል ማጣሪያ ብትጠቀሙ ሰማያዊ አይሆንም፣ ቀለሙን በኮምፒዩተር የለወጡትም ያስታውቃሉ። የውሃው ከፍታ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ እያነሰ ሄዶ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል። በመስከረም ውሃ ጥግ የነበረች ድንጋይ በሚያዝያ ጭቃ መካከል ቆማ ትገኛለች። እኔ በጥቅምት አንድ የሚያምር የዳርቻ ሣር አይቼ ለሚያዝያ ሠርግ ቃል ገብቼ ነበር፤ ደርሰን ስናይ ውሃው ብዙ እርምጃ ሸሽቶ፣ በመካከሉ ያለው ጭቃ ላይ የአህያ ኮቴ ተተክሎበት አገኘነው። ሙሽራው ቀልደኛ ሰው ስለነበር ከአህያዋ ጋር ተነሥቶ ተገላገልን። ሁሉም ሙሽራ ግን ቀልደኛ አይሆንም።

እንግዲህ ቀትር ላይ ማንሣት ግድ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም ግድ ስለሚሆን፣ የት እንሂድ? የእኔ መልስ ወደ ትልቅ ዛፍ ነው። ከተማችን በዘንባባዋ ትታወቃለች፤ ዘንባባ ግን ለፎቶ አንሺ ጥላ አይሰጥም፣ የሚሰጠውም ጥላ የተቆራረጠ ስለሆነ ፊት ላይ መስመር ያወጣል። ከሐይቁ ዳር ያሉት ሾላና ዋርካ ግን ትልቅ ሀብት ናቸው። በዋርካ ጥላ ጠርዝ ላይ፣ ከጥላው ውስጥ ሆነው ወደ ብርሃኑ እንዲያዩ ያቆማችኋቸው ሙሽሮች ፊታቸው ረጋ ብሎ፣ ዐይናቸው በርቶ ይወጣል። መጠንቀቅ የሚገባው ከኋላቸው ያለው ውሃ በጣም ስለሚያበራ ካሜራው በእርሱ ተታልሎ ፊታቸውን እንዳያጠቁር ነው፤ የብርሃኑን መጠን ከፊታቸው ላይ ውሰዱ፣ ውሃው ቢነጣ ይንጣ። ሐይቁን ጨርሶ ከፎቶው ማውጣትም ነውር አይደለም። ሰው ሁሉ ጣናን ያውቀዋል። የሙሽሪትን ፊት በዚያ ቀን እንደነበረ የሚያውቀው ግን በእኛ በኩል ብቻ ነው።

በከተማው መካከል፣ ከሐይቁ ብዙ ሳይርቅ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በግቢውም ውስጥ ባለ ፎቅ የሆነ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ ቆሟል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የነበረው ኢየሱሳዊው (የካቶሊክ ሚሲዮናዊው) ፔድሮ ፓኤዝ ያሠራው ነው ይባላል። የድንጋዩ ቀለም ከነጭ ጥለት ጋር የሚስማማውን ያህል ሌላ የሚስማማ ግድግዳ በከተማው አላየሁም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ከአስተዳዳሪው ፈቃድ መጠየቅ፣ በቅዳሴ ሰዓት አለመግባት፣ ጥንዶቹንም ተቃቅፈው እንዲቆሙ አለማድረግ ግዴታችን ነው። ተጋቢዎቹ ጎን ለጎን፣ በሐበሻ ልብስ፣ እጃቸውን አጣምረው ቢቆሙ ይበቃል፤ እንዲያውም ከተቀናጀው ሁሉ ይልቅ ይኸው ፎቶ ሳሎን ላይ ሲሰቀል ደጋግሜ አይቻለሁ።

ስለ ገዳማቱ ስናገር ደግሞ የራሴን ስሕተት መናገር አለብኝ። ሙያውን በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ጥንድ «ደሴት ላይ ተነሥተን አናውቅም» ስላሉኝ ጀልባ ተከራይቼ ወሰድኋቸው። የደሴቱ ዛፍ ከሩቅ ሲታይ ልብ ይወስዳል። ጀልባው ሲጠጋ አንድ አባት ወደ ዳርቻው ወርደው፣ ሙሽራውን «ልጄ፣ አንተ ግባ፤ እርሷ ግን እዚያው ትቆይ፣ ሴት አትገባም» አሉት። ሴት የማይገባበት ገዳም መሆኑን ሳልጠይቅ ነበር የሄድሁት። ሙሽሪት ሙሉ ቬሎዋን እንደለበሰች ጀልባው ላይ ቀረች፤ ሙሽራውም ብቻውን አልገባም አለ። አባ ግን አዝነው ውሃና ዳቦ አስመጡላቸው፣ በጀልባው ላይ እንዳሉም ባረኳቸው። የዚያን ቀን ፎቶ አላነሣሁም ማለት ይቻላል፤ በኀፍረት ካሜራዬን ከቦርሳው አላወጣሁትም። አሁን ሳስበው ያንን ቡራኬ አለማንሣቴ ከሁሉም ስሕተቴ ይብሳል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ እወቁ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፤ ከሩቅ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ከክብራን ጎን ያለው እንጦስ ኢየሱስ ይገባበታል፤ በዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረትም እንዲሁ። ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ ልሳነ ምድሩ በሙሉ በደን የተሸፈነ ነው፣ ቡናውም ከዛፎቹ ሥር ይበቅላል። ከጀልባ መውረጃው ወደ ገዳሙ የሚወስደው በደን ውስጥ ያለው የእግር መንገድ ለጥንዶች ፎቶ ከማውቃቸው ቦታዎች ሁሉ የላቀ ነው፤ ግን በተመረጠ ሰዓት። ቀትር ላይ በቅጠሎቹ መካከል የሚያልፈው ብርሃን ፊትን እንደ ነብር ዠንጉርጉር ያደርገዋል። ደመና ባለበት ቀን ወይም ከ3 ሰዓት በፊት ከሆነ ግን ደኑ ራሱ ብርሃኑን አጣርቶ ያቀርብላችኋል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ከሙሽሮች ጀርባ ለማድረግ የሚመኝ ባለሙያ አጋጥሞኛል። ይህን እቃወማለሁ። ሥዕሎቹ የተሣሉት ሊጸለይባቸው ነው። ወደ ዘጌ ስትሄዱ ቬሎውን ቤት ተዉት፣ ሙሽሪት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ትሂድ። ለመንገዱም ይመቻታል፣ ለቦታውም ይገባል።

በደንገል ታንኳ ላይ መነሣት የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸው። ያምራል፣ አልክድም። ነገር ግን ታንኳ የሰው መተዳደሪያ ነው፤ ዓሣ የሚያጠምድበትን ሰው ከታንኳው አስወርዶ፣ ሙሽሮችን አስቀምጦ፣ «አንተ ዞር በል» ማለት አይገባም። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ቀዛፊውም ከፎቶው ውስጥ ይኑር፣ ያለ እርሱ ታንኳው ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። አባይ ከጣና በሚወጣበት በደብረ ማርያም አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ጉማሬ የሠርግ ፎቶ አይገባውም። ባለ ታንኳው «ጋሼ፣ በዚህ በኩል አንሄድም» ካለ አለመሄድ ነው።

ስለ ጢስ አባይ አጭር ነገር ልበል። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ፏፏቴው 40 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ውሃው የሚሞላው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሲሆን፣ የሠርግ ወራችን ጥርና ሚያዝያ ግን የበጋው ውሃ ያነሰበት፣ ከዚያም ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚጠለፍበት ጊዜ ነው። ጥንዶች በፖስታ ካርድ ያዩትን ጭስ እየጠበቁ ሄደው እርጥብ ገደል ሲያገኙ አዝነው ይመለሳሉ። ጢስ አባይን የሚወድ ጥንድ ካጋጠማችሁ በመስከረም ወይም በጥቅምት፣ ሠርጉ ሳይደርስ፣ ሽማግሌ ተልኮ እሺ ከተባለ በኋላ ውሰዱት። በበጋ የሚሄድ ደግሞ ፏፏቴውን ትቶ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ይፈልግ፤ እርሱ በጥር አይደርቅም። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ጊዜ ግን ለፎቶ ብሎ ከከተማ መውጣት አያስፈልግም፤ ይህን የምትነግሯቸው እናንተ ናችሁ፣ ሙሽሮች በዚያ ሳምንት ምንም አይፈሩም።

አዲሱ የአባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ የማይሄድበት ሙሽራ የለም። 380 ሜትር የሚረዝም ሰፊ ድልድይ ነው፣ ማታ መብራቱ ያምራል። ቀን ላይ ግን ከኮንክሪትና ከመኪና በቀር ብዙ የለውም። የድልድዩ ሰዓት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለችው 20 ደቂቃ ያህል ናት፤ በእኛ አገር ምሽት ፈጥኖ ይጨልማል፣ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ መብራቱም በርቶ አብረው የሚታዩት በዚያች አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ዝግጁ ሆኖ ለመገኘት ከግማሽ ሰዓት በፊት ደርሶ፣ መቆሚያውን መርጦ፣ ጥበቃዎችን ሰላም ብሎና አስፈቅዶ መጠበቅ ያስፈልጋል። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሡ፤ በድልድይም ሆነ በቤዛዊት ኮረብታ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ በተሠራው ቤተ መንግሥት አካባቢ ነገሩ ከቅጣት አልፎ ሠርጉን ሊያበላሽ ይችላል። ቤዛዊት ላይ ዋናው ነገር ቤተ መንግሥቱ ሳይሆን ከኮረብታው ቁልቁል የሚታየው አባይ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የማለዳ ብርሃን ይሻላል። የሰማዕታቱን ሐውልት በተመለከተ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ የሞቱ ሰዎች መታሰቢያ ሥር ሙሽራን ማሳቅ አልወድም። ከወንዙ ዳር ያለው ቦታ ሰፊ ነው፣ ሐውልቱን ከኋላ ሳያደርጉ መነሣት ይቻላል። በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ላንሣ። ይህን ሁሉ ብናውቅም ሰዓቱን የሚወስኑት ቤተሰቦች ናቸው። አንዲት የሙሽሪት እናት ቤታቸው ሄጄ «እትዬ፣ ፎቶውን ከምሳ በኋላ፣ ወደ 10 ሰዓት ተኩል ብናደርገው» ብዬ ብለምናቸው፣ «ልጄ፣ ሙሽራ ምሳ ላይ ተቀምጦ እንደገና ተነሥቶ ሲሄድ እንግዳው ምን ይላል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ የሠርጉን ቀን አልነካም። በሠርጉ ቀን አንድ ቦታ ብቻ፣ እርሱም ከቤታቸው ወደ አዳራሹ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ፣ ትልቅ ዛፍ ያለበት ቦታ፣ 40 ደቂቃ። ሌላውን ሁሉ ለሌላ ቀን አደርገዋለሁ፤ ወይ ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት ማለዳ፣ ወይ መልሱና ቅልቅሉ ካለፈ በኋላ ሰዎቹ ዕረፍት አግኝተው፣ እንቅልፍ ጠግበው፣ ፊታቸው ሲመለስ። ውል ስንጽፍ ሁለቱን ቀን አብረን እንጻፍ። ዋጋው ላይ ጥቂት ይጨመር ይሆናል፤ ግን አምስት ቦታ አዙረን ከሰጠናቸው 300 የተጨማደደ ፊት ይልቅ በአንድ ማለዳ የተነሡ 30 ፎቶዎችን እንደሚመርጡ ከልምዴ እነግራችኋለሁ።

ጥንዶቹንም አስቀድማችሁ አነጋግሯቸው። የት ተዋወቃችሁ፣ ማምሻውን የት ትሄዱ ነበር፣ ብሎ መጠየቅ ምንም አያስወጣም። አንድ ጊዜ እንዲህ ብጠይቅ ልጅቷ ሣቀችና ዓሣ ከሚጠበስበት የጣና ዳር ጎጆ ቤት እየሄዱ ይቀመጡ እንደነበር ነገረችኝ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ የጎጆው ባለቤት ገና እሳት ስታቀጣጥል፣ እዚያው አነሣኋቸው፤ ጭሱና የማለዳው ብርሃን አንድ ላይ መጡ። ይህን ቦታ በየትኛውም የውብ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ አታገኙትም፤ ሌላ ጥንድም ወደዚያ አልወሰድሁም።

የተናገርሁትን በወሬ ብቻ ከምትቀበሉኝ በዐይናችሁ ብታዩት ይሻላል። የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ጣና ዳር፣ ከጀልባ መነሻው አጠገብ ካለው ትልቁ ሾላ ሥር እገኛለሁ። በዚህ ወር ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ቀድመን እንደርሳለን። ካሜራ አታምጡ። አንድ አንድ ነጠላ ይዛችሁ ኑ፤ ጠዋት ወደየት እንደሚነፍስ እናያለን፣ ከዚያ በ10 ሰዓት እዚያው ተመልሰን እንደገና እናያለን። ብርድ ስላለ ጋቢም አትርሱ።